ስምንት ባይት

የሰው ገንዘብ ነክቼ አላውቅም እል ነበር። ነክቻለሁ። የነካሁትም 8 ባይት በሚያህል ነገር ነው።

መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔ ደሴ ሆኜ በቴሌቪዥን ነበር ያየሁት። ሁለት ዓመት ቆይቼ እዚያው፣ ስሙን በማልጠራው የልብስ ፋብሪካ፣ የማሽን ቴክኒሻን ሆኜ ገባሁ። ፕሮግራም መጻፍ ያንገበግበኝ ስለነበር አለቆቼን ለምኜ ለአንድ ላይን (የስፌት መስመር) የምርት መቁጠሪያ ሠራሁ። ኦፕሬተሯ አንድ ቁራጭ ሰፍታ ስትጨርስ ከጎኗ ያለችውን ቁልፍ ትጫናለች፤ ቁጥሩ በሰዓቱም በቀኑም ድምር ላይ ይጨመራል። ሰዓቱ ሲሞላ የሰዓቱ ሰንጠረዥ በዜሮ ተሞልቶ እንደገና ይጀመራል። የቀኑ ግን እስከ ማታ ይጠራቀማል።

ጉዴ ያለው «በዜሮ ተሞልቶ» ያልኳት ላይ ነው። በሲ ቋንቋ አንድ መስመር ይበቃት ነበር። እኔ ትእዛዝ በትእዛዝ በሚጻፈው አሴምብሊ ጻፍኳት።

የመቁጠሪያው ቺፕ ኮርቴክስ ኤም ዜሮ ነው። ሜሞሪውን ባይት በባይት ከሞላህ፣ ለእያንዳንዱ ባይት 6 ሳይክል (የቺፑ ምት) ይሄድብሃል፦ ለመጻፉ 2፣ ለመቁጠሩ 1፣ ወደ ዙሩ መጀመሪያ ለመመለሱ 3። ከሥራው ይልቅ ምልልሱ ይበላሃል። ስለዚህ አራት ሬጂስተሮችን (የቺፑን የውስጥ መያዣዎች) ዜሮ አድርገህ፣ አራቱንም በአንድ ትእዛዝ ታራግፋቸዋለህ፤ ምልልሱ ተደምሮ 16 ባይት በ9 ሳይክል ይሞላል። ላይኑ ላይ 28 ማሽን ነበር፤ ለእያንዳንዱ 4 ባይት፣ በጠቅላላው 112። በቀድሞው መንገድ 672 ሳይክል የሚፈጀው 63 ሆነ። በ48 ሜጋኸርዝ፣ ከ14 ማይክሮ ሰከንድ ወደ 1.3።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በደስታ።

አሁን ሳሰላው ያሳፍረኛል። በሰዓት አንዴ የሚሠራ ነገር ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢባል ያተረፍኩት 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። እነዚያ ማሽኖች በደቂቃ እስከ 5000 ጊዜ ጨርቅ ይወጋሉ፤ አንዴ መውጋት ብቻ 12000 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። የቀኑን ሙሉ ትርፌን ብሰበስበው መርፌዋ ጨርቁን ነክታ አትወጣበትም። ያን ጊዜ ይህን ሒሳብ አልሠራሁትም። ልሠራውም አልፈለግሁም።

ኋላ ላይኑ ላይ ሁለት ማሽን ተጨመረ። 30 ሆነ፤ 120 ባይት። 112 ለ16 እኩል ይካፈላል፣ 7 ዙር። 120 ግን ሰባት ተኩል ነው። ግማሽ ዙር የሚባል ነገር የለም፣ 8 አደረግኩት። ትርፉ 8 ባይት የት እንደሚያርፍ አላየሁም። ከሰዓቱ ሰንጠረዥ ቀጥሎ የተቀመጠው የቀኑ ድምር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶችም የአንደኛዋና የሁለተኛዋ ኦፕሬተር ናቸው። በየሰዓቱ የሁለቱ የቀን ሥራ ይጠረግ ጀመር። ማታ ሰሌዳው ላይ የሚወጣላቸው የመጨረሻው ሰዓት ብቻ ነው።

አንደኛዋ ኮሌታ ሰፊ ናት። ላይኑ ላይ ኢንጂነር ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ አለመሆኔን እያወቅኩ አላረምኳትም። ሱፐርቫይዘሩ ሰሌዳው ላይ 38 አይቶ ሲቆጣት እኔን አስጠራችኝ። በትግርኛ ነበር የተናገረችው፤ ትግርኛዬ ስንኩል ቢሆንም ያቺን ግን በደንብ ሰምቻታለሁ፦ «እኔ 38 ኮሌታ ብቻ ከሰፋሁ፣ እታች 300 ሸሚዝ ላይ የተተከለው ኮሌታ ከየት መጣ?»

ኮድ አይታ የማታውቅ ሴት ስህተቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዛዋለች። ቆም ብዬ ብሰማት በአምስት ደቂቃ አገኘው ነበር። እኔ ግን ሰው መሐል ነበርኩ፣ መቁጠሪያውም ልጄ ነው። «ማሽን አይዋሽም፣ ቁልፉን መጫን ረስተሽ ይሆናል» አልኳት። ሁለተኛዋ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች፤ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። የሁለቱም የወሩ ቦነስ ተቆረጠ።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ያቺ ጥያቄ አላስተኛ ስትለኝ የሜሞሪውን አቀማመጥ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሳልኩት። ስምንተኛው ዙር ድንበሩን አልፎ ሲሄድ በእርሳሴ አየሁት። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ የሙያው ሰዎች ሲያደርጉት የኖሩት ነው። የመጨረሻውን 16 ወደ ፊት ከመግፋት፣ ከጫፉ ለክተህ ወደ ኋላ ትስበዋለህ፤ የተሞላው ላይ ቢደረብ ዜሮ በዜሮ ላይ ነው፣ ጉዳት የለውም። ኮሌታ ሰፊዋ ይህንን በቀን ስንት መቶ ጊዜ ታደርገዋለች። ስፌቱ ጫፍ ሲደርስ ፔዳሉን አሳርፋ ወደ ኋላ መልሳ ትመታዋለች፣ ክሩ እንዳይተረተር። እኔ ከጎኗ ቆሜ ሳላየው ኖሬያለሁ።

ጠዋት ኮዱን ቀየርኩ። ቁጥሩ ተስተካከለ። ሱፐርቫይዘሩ ምን እንደነበር ሲጠይቀኝ «የመብራት መዋዠቅ ነው» አልኩት፤ እሱም አመነ፤ መብራት ስንት ጊዜ ይዋዥቃል! ያን ጊዜ «የእኔ ጥፋት ነው» ብል ኖሮ ቦነሱ ይመለስ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ ከዚያ ወዲህ በስሜ ብቻ ትጠራኝ ነበር።

ከመቐለ የወጣሁት የትግራይ ጦርነት ከመጀመሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብዬ ነው። በጥቅምት 2013 ስልኩም መንገዱም ተዘጋ። በጥቅምት 2015 ከተፈረመው የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት በኋላ የስልክ መስመሩ ሲከፈት ልደውል ብዬ ስልኬን አነሳሁና የማን ቁጥር እንደምፈልግ ጠፋኝ። የአባቷን ስም አላውቅም። በሕይወት መኖሯንም አላውቅም። በእኔ ሰንጠረዥ ውስጥ እሷ 1 ናት።

የኮዱ ፋይል እስካሁን ፍላሽ ላይ አለ። ባለፈው ሳምንት ከፈትኩት። ከማስተካከያው በላይ ያለችው ማስታወሻ ያኔ እንደጻፍኳት ናት፦ የመብራት መዋዠቅ መከላከያ።