እስስትን መተርጐም

በአማርኛ አንድን ሰው «እስስት» ብሎ መጥራት ሙገሳ አይደለም። ትናንት ከዚህ፣ ዛሬ ከዚያ የሚቆም፣ ነፋሱ ወደ ነፈሰበት የሚዞር፣ ቃሉ የማይጨበጥ ሰው ማለታችን ነው። በስዋሂሊ ደግሞ ሌሊት በግድግዳችን ላይ ነፍሳት የምታድነውን ትንሽ እንሽላሊት «ምጁሲ ካፊሪ» ይሏታል፤ ቃል በቃል ሲመለስ «ከሓዲዋ እንሽላሊት» እንደ ማለት ነው። ሁለቱም ፍጥረታት ባልሠሩት ክፉ ስም ወጥቶላቸዋል። በሁለት ቋንቋዎች መካከል እየተመላለሰ እንጀራውን የሚበላ ሰውም ከዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ፈጽሞ ነጻ አይደለም። «ለማን ያደላ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከኋላው ይከተለዋል። ምናልባት በናይሮቢ ቤቴ ጓሮ ካሜራዬን ይዤ በእነዚህ ፍጥረታት ፊት መንበርከክ የጀመርኩት ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የጓሮዬ ባላባት ባለ ሦስት ቀንዱ እስስት ነው። አንድ ቀንድ ከአፍንጫው ጫፍ፣ ሁለት ደግሞ ከዓይኖቹ በላይ ወደ ፊት ቀስረው ይወጣሉ፤ ይህ የወንዱ ጌጥ ነው። በሳይንስ ዓለም ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ የተሰየመውም ወፎችን ያጠና በነበረውና ኋላ የኡጋንዳ አገረ ገዥ በሆነው በፍሬድሪክ ጃክሰን ነው። የትውልድ ስፍራው የኬንያና የሰሜን ታንዛኒያ ደጋ ነው። እንደ ብዙዎቹ እስስቶች እንቁላል ቀብሮ አይሄድም፤ እናቲቱ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ስደትንም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1972 ከኬንያ ወደ ሃዋይ የተላኩ እስስቶች ከጉዞው ድካም እንዲያገግሙ በአንድ የቤት እንስሳት ነጋዴ ጓሮ ቢለቀቁ፣ አጥሩን አልፈው ደሴቱን ወረሱ። ዛሬም በዚያ ይራባሉ፤ የአገሬውን ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት ስለሚበሉም በእንግድነታቸው የተደሰተ የለም።

እስስትን በቅርበት ፎቶ ማንሣት የትዕግሥት ትምህርት ቤት ነው። ፍጥረቱ አይሮጥም፤ ሆኖም ቅጠል በነፋስ ስትወዛወዝ እንደምታደርገው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ስለሚራመድ፣ ትክክለኛውን ቅጽበት መያዝ ቀላል አይደለም። በማክሮ ሌንስ ሙሉ ጉልበት ሲሠሩ፣ አፐርቸሩን 11 ላይ ቢያደርሱት እንኳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ትንፋሽ ብቻውን ምስሉን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው መምረጥ ይኖርበታል፤ ሁሉን ጥርት አድርጎ ማሳየት አይቻልምና። እኔ የምመርጠው ዓይኑን ነው። የእስስት ዓይን በቅርፊት በተሸፈነ ሾጣጣ ቆብ ውስጥ ተቀምጦ በመካከሉ ባለች አነስተኛ ቀዳዳ ብቻ ዓለምን ይመለከታል፤ አንዱ ወደ ቅጠሉ ሲያይ ሌላው ወደ እኔ ሊዞር ይችላል። ያቺ ቀዳዳ ከጠራች ቀንዱም ጅራቱም ቢደበዝዙ ተመልካቹ ይቅር ይላል፤ እርሷ ከደበዘዘች ግን የቀረው ሁሉ ቢጠራ ምስሉ የሞተ ነው። በትርጉም ሥራም እንዲሁ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ሁሉንም ነገር ይዞ አይሻገርም፤ ነፍሱ ያለችበትን ቃል ለይቶ ማወቅ ያሻል።

ሌሊት የግድግዳዋን እንሽላሊት ሳነሣ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ይህች ፍጥረት የዓይን ሽፋሽፍት የላትም፤ ዓይኗን የምታጸዳው በምላሷ እየላሰች ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ከዘመዶቿ መካከል አንዱ ዝርያ በደብዛዛ የጨረቃ ብርሃን እንኳ ቀለም ለይቶ እንደሚያይ አሳይቷል። ለእንዲህ ያለ ዓይን የፍላሽ ብልጭታ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ፍላሹን ትቼ በበረንዳው መብራት ብቻ እሠራለሁ፤ ምስሉ ቢሻክርም ይሻክር።

የሥራው ከባድ ክፍል ግን ካሜራው ከተቀመጠ በኋላ በኮምፒዩተሩ ፊት ይጀምራል። ብዙ ሰው እስስት በተቀመጠበት ነገር ቀለም ራሱን ይለውጣል ብሎ ያምናል፤ ስድባችንም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። እውነቱ ከዚህ ይለያል። ቀለሙ በአመዛኙ የሚለወጠው በሙቀትና በብርድ፣ በፍርሃትና በቁጣ፣ ለተቀናቃኝ ወይም ለተቃራኒ ጾታ መልእክት ለማስተላለፍ ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በማዳጋስካር እስስት ላይ ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች ተደርድረዋል። እንስሳው ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ይቀራረቡና ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ይህም በቆዳው ካለው ቢጫ ጋር ተዳምሮ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሲቆጣ ርቀታቸው ይሰፋል፤ ቆዳውም ወደ ቢጫና ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። የጓሮዬ እስስት ደግሞ በማለዳው ብርድ ሙቀት ለመሰብሰብ፣ ወይም ሲጨነቅ፣ ይጠቁራል። እንግዲህ የእስስት ቀለም መደበቂያው ሳይሆን ንግግሩ ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ፎቶ ማረም ለእኔ የጌጥ ሥራ መሆኑ ቀረ። የሚፈቀድ እርማት አለ። በቅጠሎች መካከል ያለፈ ብርሃን ሁሉን ነገር አረንጓዴ ያለብሳል፤ ስለዚህ አስቀድሜ በስፍራው ግራጫ ካርድ አነሣና በእርሱ መሠረት ቀለሙን ወደ ሚዛኑ እመልሳለሁ። ጥላውን በጥቂቱ አነሣለሁ፤ የካሜራው ዳሳሽ ላይ ያረፈች አቧራ የጣለችውን ነጥብ አጠፋለሁ። ይህ ሁሉ በዚያች ሰዓት በፊቴ የነበረውን መልሶ ማግኘት ነው። በፊቴ ያልነበረውን መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። ወሰኑ በኮምፒዩተሩ ላይ የአንዲት ጣት እንቅስቃሴ ያህል ብቻ ቀጭን መሆኑ ነው የሚያስፈራው።

ወሰኑ የተፈተነው አንድ ወዳጄ ለሚያሳትመው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ከምስሎቼ አንዱን በመረጠ ጊዜ ነው። የወደደው የአንድ ትልቅ ወንድ እስስት ምስል ነበር፤ ቀንዶቹ ጠርተው፣ አፉ በትንሹ ተከፍቶ፣ አካሉ ግን ከሞላ ጎደል ጠቁሮ።

«እህቴ፣ ሥራሽ ግሩም ነው፤» አለኝ። «ግን ይህ ጥቁረት ገዢ ያርቃል። አረንጓዴ አድርጊልኝ። ማን ያውቅብሻል?»

ክፍያው ለእኔ ትንሽ አልነበረም፤ ሥራውም ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ነገር ግን ያ ጥቁረት ጉድለት አልነበረም። እስስቱ የጠቆረው እኔ በጣም ስለቀረብኩት ነበር፤ የተከፈተው አፉም «ራቂኝ» ማለቱ ነበር። እርሱን አረንጓዴ ማድረግ የተቆጣን ምስክር ቃል «ደስ ብሎኛል» ብሎ እንደ መተርጐም ነው። ሌላ፣ በማለዳ ፀሐይ ተረጋግቶ ሳለ ያነሣሁትን በእርግጥ አረንጓዴ የሆነ እስስት አቀረብኩለት። ቀንዱ ጫፉ ላይ የተሰበረ በመሆኑ አልወደደውም፤ በዚያው ተለያየን። ወዳጅነታችን ግን አልተቋረጠም፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ የወጣችው ወፍ ናት።

ጥቁሩን እስስት አሳትሜ በበረንዳው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አጥሩን የሚከረክሙልን አዛውንት የካምባ ተወላጅ ናቸው፤ ምዜ እንላቸዋለን። እስስትን አይወዱም፤ እርሱ ያለበትን ቅርንጫፍ ሳይነኩ ያልፉ ነበር፣ አንዳንዴም በዱላ ያባርሩት ነበር። ምስሉ ፊት ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ «ማማ፣ ይህ ተቆጥቷል። ምን አድርገሽው ነው?» አሉኝ። ያለ አስተርጓሚ አንብበውታል። አረንጓዴ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ከዚያ ቁጭ ብለው በሕዝባቸው ዘንድ የሚነገረውን ተረት አጫወቱኝ። ፈጣሪ «ሰዎች ቢሞቱም ተመልሰው ይነሣሉ» የሚለውን መልእክት በእስስት እጅ ላከ። እስስቱ ደርሶ ሊናገር ሲጀምር «የተላክሁት… የተላክሁት…» እያለ ተንተባተበ። ይህን ጊዜ ወፏ ፈጥና በመግባት ሰዎች ሞተው እንዲቀሩ ተናገረች፤ እንደ ተናገረችውም ሆነ። የደቡብ አፍሪካ ዙሉዎችም የሚቀርብ ተረት አላቸው፤ በዚያ እስስቱ በመንገድ ፍሬ ሲበላ ይዘገይና እንሽላሊት በሞት መልእክት ይቀድመዋል።

ምዜ ተረቱን የነገሩኝ እስስት ለምን እንደሚጠላ ለማስረዳት ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ሰማሁበት። እውነተኛውን ቃል የያዘው የተንተባተበው ነው፤ አንደበተ ርቱዕዋ ወፍ ያመጣችው ሞትን ነው። በሙያዬ የማውቀው ይህንኑ ነው። ለስላሳና ፈጣን ትርጉም ሁልጊዜ ታማኝ አይደለም፤ ቃሉን እየመረጠ የሚቆመው፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚወዛወዘው አንዳንዴ ብቻውን መልእክቱን በትክክል ተሸክሞ ይገኛል።

ይህን ለምዜ ነገርኳቸው። ሳቁና «ያንቺ ቋንቋ ነው እንግዲህ» አሉ። አሁንም እስስትን በእጃቸው አይነኩም፤ ነገር ግን አጥሩን ከመከርከማቸው በፊት ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ይመለከታሉ፤ ካገኙትም በረጅም እንጨት ጫፍ አሳፍረው ወደ ሌላው ቁጥቋጦ ያሻግሩታል። ሲሻገር ቀለሙ ምን እንደሚመስልም ይነግሩኛል።