ያቺ የጎደለች 2,000 ብር

የራስን ጉድ ማውራት ደስ ባይልም ትምህርት ይሆናችሁ እንደሆነ ላውጋችሁ።

የመሥሪያ ቤታችን እቁብ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ሃያ ሰው ነን፤ ለእያንዳንዳችን 2,000 ብር። አንድ ዓርብ ማታ ቤት ገብቼ ብቆጥር 38,000! ደገምኩ፣ ሠለስኩ… ያው 38,000። ባለ ዕጣዋ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ልትረከበኝ ነው።

ዓይኔ ወዴት የሄደ ይመስላችኋል? አብሮኝ ወደሚያድረው ታናሽ ወንድሜ! ሥራ የለውም፤ እግሩ ላይ ግን አዲስ ጫማ አለ። «ይሄን ጫማ በምን ገዛኸው?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና እራቱን ሳይበላ ተኛ። እኔ እስከ እኩለ ሌሊት ቦርሳዬን ስገለብጥ እናቴ «አንተ ልጅ፣ ተኛና ጠዋት ታየዋለህ» ብላ መብራቱን አጠፋችብኝ።

ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ብልጭ አለልኝ። አንዷ ባልደረባዬ የከፈለችኝ በቴሌብር ነበር! ገንዘቡ ስልኬ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ታዲያ ማታ ምን ነክቶኝ ነው? ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ችግር ስንፈታ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። እሱ ግን ባንድ ጊዜ ይዞ የሚያገላብጠው ሦስት አራት ነገር ብቻ ነው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ይዳከማል። ያኔ አእምሯችን መጀመሪያ የመጣለትን ሐሳብ ሙጥኝ ይላል።

ካርል ዱንከር የተባለው ጀርመናዊ በ1935 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ ይህን ያሳያል። ሰዎችን «ሻማ በር ላይ አቁሙ» አላቸው። ትናንሽ ሣጥኖችም ሰጣቸው። ሣጥኑን በሩ ላይ መትቶ ሻማውን እላዩ ማቆም ነው እንግዲህ። ሣጥኖቹ ዕቃ ይዘው ሲሰጧቸው ግን ብዙዎቹ ይህ አልታያቸውም፤ ባዶውን ሲሰጧቸው ቀለላቸው። እኔም ብር ማለት ቦርሳ ውስጥ ያለው ብቻ መስሎኝ ነበር!

እንቅልፉስ? በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት አለ። በአንድ የቁጥር ጥያቄ ውስጥ የተደበቀውን አቋራጭ ያገኙት፣ ስምንት ሰዓት ከተኙት መካከል ካልተኙት ከእጥፍ በላይ ነበሩ። እናቴ ሳታነብ ታውቀዋለች ማለት ነው።

ወንድሜን ይቅርታ ስጠይቀው «ጫማው የጓደኛዬ ነው፤ ለሥራ ፈተና ተውሼው ነው» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

እናንተም ነገር ሲጠፋባችሁ የምታውቁትን ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ለአንጎላችሁ ሸክሙ ይቀልለታል። «ሌላ በምን መንገድ ሊሆን ይችላል?» በሉ። ካልመጣላችሁ ተኙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ከሁሉም በላይ ግን በሌሊት ማንንም ሌባ አትበሉ። እኔ 2,000 ብሬን በአንድ ሌሊት አገኘኋት። ወንድሜ ግን እስካሁን ጫማውን ሲያስር ቀና ብሎ አያየኝም።