የወፍራሙ አውታር ድምፅ

ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ በሻንጣ ታሽጎ የተጓዘ አንድ ካሴት አለ። የተቀዳው በ1974 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ምሽት ነው። በገናውን የሚደረድሩት አባት ከዚህ ዓለም ከተለዩ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ካሴቱን ይዞ የወጣው ልጃቸውም ዛሬ ስድሳ ዓመት አልፎታል። በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚገኘው ቤቱ፣ ካሴቱን በትንሿ የጠረጴዛ ድምፅ ማጉያ በከፈተ ቁጥር የሚሰማው የአባቱ ቃል፣ የጣታቸው ምትና የእንዝራው ንዝረት ነው። የወፍራሙ አውታር ድምፅ ግን የለም። በእርግጥ የሰው ጆሮ ከንዝረቱ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት መገመት ይችላል፤ ሆኖም የተገመተ ድምፅ ደረት ላይ አያርፍም።

ያንን ድምፅ ለማግኘት፣ ወለል ላይ የሚቆም ረጅም ድምፅ ማጉያ በገዛ እጁ ሊገጥም ቆረጠ። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ተሟልቶ በካርቶን ይሸጣል፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ዉፈር፣ ቀጭኑን የሚያወጣው ትዊተር፣ ድምፁን ለሁለቱ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር፣ አንዳንድ ጊዜም ተቆርጦ የተዘጋጀ ጣውላ ይገኝበታል። ለገዢው የሚቀረው ኮላ፣ ስታኞና ትዕግሥት ነው። ርካሽ ይሆናል ብሎ የሚነሣ ሰው ግን መጋዙንና ሞርሳውን ሲገዛ ሒሳቡ ይጠፋበታል።

የዚህ ምርጫ ትልቁ ችግር ዕቃውን ሳይሠሩት መስማት አለመቻሉ ነው። ሰውዬው እጁ ላይ የነበረው ሥዕልና ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩ ግን የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች የዛሬውን ድምፅ ማጉያ መሠረት ከጣሉ በኋላ እንኳ፣ ሣጥኑ ለብዙ ዓመታት ይሠራ የነበረው ባመዛኙ በሙከራ ነበር። ኔቪል ቲል የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዉፈሩ ጠባይ በጥቂት ቁጥሮች ሲታወቅ የሣጥኑን ስፋትና የአየር ቀዳዳውን መጠን በስሌት መወሰን እንደሚቻል አሳየ። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ እንደገና ታተመ፤ ሪቻርድ ስሞልም ወዲያው በተከታታይ ጽሑፎቹ አስፋፋው። ዛሬ በጓዳው ሣጥን የሚገጥም ሰው ሁሉ፣ ያውቀውም አይወቀው፣ የእነዚህ ሰዎች ባለዕዳ ነው።

ስሌቱ ስለ ሣጥኑ ይናገር እንጂ ስለ ሳሎኑ አይናገርም። የሰውዬው ሳሎን 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ እንዲህ ያለው ክፍል በ34 እና በ43 ኸርዝ አካባቢ ራሱ ማስተጋባት ይጀምራል። ከዚህም ሌላ፣ ፊቱ ጠባብ ከሆነ ሣጥን የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ ሣጥኑን ዞሮ ወደ ኋላ ይበተናል። ግድግዳ ከኋላ ቀረብ ሲል ከዚህ የተበተነ ድምፅ ከፊሉን ይመልሰዋል። ስለዚህ አንድ ንድፍ አውጪ ሣጥኑ ከግድግዳ በምን ያህል ርቀት እንዲቆም አስቦ እንደ ሠራው ማወቅ ከዉፈሩ ስፋት ይልቅ ይጠቅማል።

ባለቤቱ ሥዕሉን አይታ፣

«እንግዲህ ሶፋውን በረንዳ ላይ ልታወጣው ነው?» አለችው።

«ኧረ አይነካም፤ እነሱን ግድግዳው ሥር ነው የማቆማቸው» ብሎ ቃል ገባላት። በዚህ ቃል የምርጫው እኩሌታ አለቀ።

መጀመሪያ ልቡን የሳበው ሁለት ትልልቅ ዉፈሮችና የአየር ቀዳዳ ያለው ባለ ግርማ ሣጥን ከግድግዳ አንድ ሜትር መራቅ ነበረበት፤ ግድግዳ ሥር ቢያቆሙት ያጓራል። ሁለተኛው ክሮስኦቨር የሌለው፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም በአንድ ሾጣጣ ወረቀት የሚያሰማ ነበር። ቅንነቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሰውዬው የሚፈልገውን ያንኑ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይሰጣል። ሦስተኛው አንድ የ18 ሳንቲሜትር ዉፈርና አንድ ትዊተር ያለው፣ ለግድግዳ ቅርበት የታሰበ ዝግ ሣጥን ነው። በ1 ሜትር ርቀት 86 ዴሲቤል ብቻ ስለሚያወጣ፣ 92 ዴሲቤል ከሚያወጣው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ለመጮህ አራት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ይሁን እንጂ በገናን እንደ ሠርግ ቤት ዘፈን የሚያስጮህ ማን አለ?

የወሰነው ግን በክሮስኦቨሩ ነው። የእንዝራው ንዝረት ከዉፈሩ ክልል ተነሥቶ እስከ ትዊተሩ ክልል ይዘልቃል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ካልተናገሩ አውታሩ ከታች፣ ንዝረቱ ከላይ ሆኖ አንዱ በገና ለሁለት ይከፈላል። የሦስተኛው ንድፍ አውጪ የሁለቱን የልኬት መስመር ለየብቻም፣ አጣምሮም አሳይቷል። የመጀመሪያው ያሳየው የጣውላውን ውበት ነበር።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። ካሴቱ በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሣጥን በሞርሳ ተይዞ ኮላው ሳይደርቅ በመጀመሪያው ብቻ ሞከረው። ወፍራሙ አውታር መጣ፤ እንደ ትዝታው ሳይሆን ከትዝታው ይልቅ ደረቅና ቅርብ ሆኖ። በሦስተኛው መዝሙር መካከል ደግሞ ከዚህ ቀደም ሰምቶት የማያውቀው ጉርምርምታ ከሩቅ ተነሥቶ አደገ። አባቱ ጣታቸውን ገታ አደረጉና ጉርምርምታው እስኪያልፍ ጠብቀው ቀጠሉ። በዚያ ምሽት በደጃቸው ያለፈ የጭነት መኪና ኖሯል። ባለቤቱ ከወጥ ቤት ወጥታ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ መንገዱ ተመለከተች።