እንዶድና ውሃ



የመመረቂያ ጥናቴን ከልጅነቴ ጀምሮ በማውቀው ተክል ላይ ለመሥራት ወስኛለሁ። ዘመሮ እናቴ ነጠላና ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ አረፋ ያወጣል። አረፋው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር እንደሚመጣ ያወቅሁት ኬሚስትሪ ስማር ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ስለዚህ ነገሩ ትልቅ ነበር። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እኔን የሳበኝ ግን ከጀርባው ያለው ኬሚስትሪ ነው። ከደረቀው ፍሬ በሜታኖል የሚወጣው ሳፖኒን በአብዛኛው በሁለት በኩል ስኳር የተያያዘበት ነው፤ ቀንድ አውጣ አይገድልም። የተወቀጠው ፍሬ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ግን የፍሬው የራሱ ኤንዛይም ሥራ ይጀምርና በአንድ በኩል ያለውን ስኳር ይቆርጠዋል። የሚገድለው ሳፖኒን የሚገኘው ያኔ ነው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ቤዝ ጨምረን፣ አሙቀን የምናመጣውን ለውጥ ፍሬው ያለ እሳት ይሠራዋል።

ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መርሆች ዘርዝረዋል። ጉዳት የሌለው ማሟሚያ መጠቀም፣ ኃይል መቆጠብ፣ ለውጥን በካታሊስት ማካሄድ ከእነሱ መካከል ናቸው። እናቶቻችን በእንዶዱ ውሃ ሦስቱንም ሲሠሩባቸው ኖረዋል።

ውሃ ለሁሉም ይሆናል ማለቴ አይደለም። የጥቁር አዝሙዱ ቲሞኪኖን በዘይት እንጂ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ከተክል የመጣ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለቴም አይደለም፤ የእንዶድ ውሃ ዓሣም ይገድላል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የልብስ ማጠቢያ ውሃ ይዘህ ልትመረቅ ነው?» ይሉኛል። ጥናት በሜታኖል ሲሠራ የሚከበር ይመስላቸዋል። ሜታኖል ግን ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው፤ በየሙከራው የሚተርፈው ደግሞ የሆነ ቦታ መፈሰሱ አይቀርም። ከግቢ በታች ከብት የሚጠጣበት፣ ሰው ዉዱእ የሚያደርግበት ውሃ አለ። ኢስራፍ ስንል የምናስበው ምግብና ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ከአንድ ተክል የተለቀመውን ፍሬ ለሁለት ከፍዬ፣ አንዱን በውሃ ሌላውን በሜታኖል አወጣና ጎን ለጎን አስተያያቸዋለሁ፤ ኢንሻአላህ። ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ፋርማሲ የምትማሩ ደግሞ ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ሥራ ውሃ ይሠራው ነበር?