ድሬዳዋን በድሬዳዋ ሰዓት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችና የልጅ ልጆች ይዘው ወደ ድሬዳዋ የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ከሚመጣው ምዕመንም ጥቂት ቀን ሰንብቶ ከተማዋን ማየት የሚወድ አለ። አንዳንዱ እንግዳ ግን "ሙቀት ብቻ ነው፤ የሚታይ ነገር የላትም" ብሎ ይመለሳል። እንዲህ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አርፍዶ ተነሥቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በስድስት ሰዓት ከሆቴል የሚወጣው ነው። በዚያ ሰዓት የድሬ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ሥር ጋደም ብሏል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በነርስነት ስሠራ፣ ለበዓል ከደጋ መጥተው ሙቀቱ ያዳከማቸው ሕፃናትና አዛውንት በየጊዜው አይ ነበር። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ድሬን በድሬ ሰዓት ጎብኟት።

ቀኑን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሩት። በመጋላ በኩል ወዳለው ቀፊራ ገበያ ሂዱ። ቅስት ቅስት ያለው ግንቡ ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነው። ከገጠር የመጡ የኦሮሞ እናቶች፣ የሶማሌና የሐረሪ ነጋዴዎች፣ ከደጋ የመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ልጆቹን ዋጋ ሲጠየቅ ጆሯቸውን እንዲሰጡ ንገሯቸው፤ አንዲት ሻጭ ለአንዱ ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማልኛ፣ ለእናንተ በአማርኛ ስትመልስ ይሰማሉ። ይህን በመጽሐፍ ማስተማር ከባድ ነው። ማንጎና ዘይቱን ግዙ፤ በንጹሕ ውኃ ሳይታጠብ ግን ለልጅ አትስጡ። ለቁርስ ትኩስ ፈጢራ በእንቁላል ወይም በማር ይበቃል።

ፀሐይ ሳትበረታ ደቻቱን ተሻግራችሁ ወደ ከዚራ እለፉ። ከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ጥላቸው ሰፊ የሆነ ዛፎች ያሉት ሠፈር ነው። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ከግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰና ከተማዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ትባልም ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። አሮጌውን ጣቢያና የጥገና ሥፍራውን ለማየት ግን በር ላይ ፈቃድ ጠይቁ። በባቡር የተጓዛችሁ አያቶች ካላችሁ እዚያው ቆማችሁ አውሩላቸው፤ የባቡሩን ፉጨት ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም።

ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ዕረፉ። ልጆች እስኪጠማቸው አትጠብቁ፤ ውኃ በየጊዜው አጠጧቸው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ አዛውንትም ውኃችሁንም መድኃኒታችሁንም አትርሱ። ልጁ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከተልፈሰፈሰ ወይም ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ደቻቱ ድልድይ ላይ ቁሙ። ከታች የምታዩት አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ሰው በተኛበት ሌሊት ከደጋው የወረደ ጎርፍ በዚህ መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። የዛሬ ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ካልነገርናቸው አሸዋው ለእነሱ ሜዳ ብቻ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ሊመጣ እንደሚችል አስረዷቸው፤ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ከአሸዋው መውጣት አለባቸው። እንግዳም ይሁን የሠፈር ልጅ፣ ይህን አውቆ ቢሄድ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል።

ሲመሽ ከተማዋ ትነቃለች። ሳምቡሳና ባጊያው ከዘይት ይወጣል፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከአብሽ የሚሠራው ሁልበት መረቅ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ በወተት፣ ሁሉም ይገኛል። የግመል ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ሳይፈላ ግን ለማንም አይሰጥ፤ ጥሬ ወተት ለወራት የሚያሰቃይ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል።

አንድ ቀን ካላችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ሐረር ግቡ፤ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። የጀጎልን ጠባብ መንገዶች በቀን አይታችሁ፣ ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ማየት ልጆች የማይረሱት ነገር ነው። ልጁ ከፈራ አታስገድዱት፤ ከርቀት ይይ። ከአዲስ አበባ በመኪና የምትመጡም አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን በማለዳ ካለፋችሁ ሳላና ዝንጀሮ ልታዩ ትችላላችሁ። ለዝንጀሮ ሙዝና ዳቦ መስጠት ግን ልጁን ለንክሻ ማጋለጥ ነው።

የመጨረሻው ነገር ትንኝ ነው። የወባዋ ትንኝ በሌሊት ትነክሳለች፤ ደንጌና ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ግን በቀን ነው። ስለዚህ ሌሊት አጎበር፣ ቀን ደግሞ ስስ ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጁን ቢያተኩሰው አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ፤ ደንጌ ከሆነ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱትና ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ አስቀድማችሁ "ድሬዳዋ ነበርን" በሉት።