ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ



ዛሬ የምናካፍላችሁ ከኪታብ ያነበብነውን ሳይሆን በቤታችን የደረሰብንን ነው። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው በክረምት፣ አይከል በጭጋግ ተሸፍና ሳለ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተወለደች፤ በጆሮዋ አዛን አልን፤ ስለ ዐቂቃው በግ መነጋገርም ጀመርን።

መስጂድ ውስጥ ስለ ልጅ ሐቅ ለሰው ስናስተምር ቆይተናል። የምናውቀው ግን ስም ማውጣቱን፣ ፀጉር መላጨቱንና ማረዱን ነበር። እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ልጅቷን እንዴት እንደምናቆያት አልጠየቅንም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ አበዛች። አያቷ «ልጆቼ፣ እናንተንም ያሳደግናችሁ እንዲህ ነው፤ አንጀቷ ይለስልስ» ብለው ቅቤ አዋጧት፤ እትብቷንም ቀቡላት። ትልቅ ሰው ማሳዘን ከብዶን ዝም አልን። በማግስቱ ጡት መሳብ ተወች፤ ለቅሶዋም ቆመ። እኛ «አልሐምዱሊላህ፣ ተኛችልን» አልን። እግሯን ስንነካው ግን በረዶ ነበር። አንዲት ጎረቤት «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» አለችን። ለዐቂቃ ያስቀመጥነውን ብር ለቆራጩ ልንሰጥ ተነሳን።

አላህ አዘነልን። ሰበቡ ደግሞ ለጉብኝት የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆነች። የልጅቷን ልብስ ገልጣ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። «ኡስታዝ፣ ጨቅላ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አደጋ ነው፤ አሁኑኑ ተነሱ» አለች። እናቷ ራቁቷን ደረቷ ላይ አስተኝታት፣ በጋቢ ጠቅልለን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ሄድን። ኢንፌክሽን ነበር፤ መርፌ ተጀመረላት። ሰባተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አለፈ።

እዚያ የተማርነውን እነሆ። ከወለዱ በኋላ የሚመጣው ቢጫ እንገር የሚደፋ ሳይሆን የልጁ የመጀመሪያ መከላከያ ነው፤ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ። እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። «ተሕኒክ ሱና አይደለም ወይ?» የሚለን ወንድም አለ። ላንቃን በለሰለሰ ተምር ማሸት ሌላ፣ ቅቤ ማስዋጥ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ልማድ ነው። እትብት ጤና ጣቢያ ከሚሰጠው ቅባት በቀር ምንም ሳይነካው ይድረቅ። ገላ መታጠቡ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ይመርዛል እንጂ አያድንም። ጡት እምቢ ካለ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና እግሩ ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ነገ አይባልም።

የሱረቱል በቀራ 233ኛ አንቀጽ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለማጥባት ይናገራል። ብዙዎቻችን እናቶችን የምናስታውስበት አንቀጽ ነው። እዚያው ላይ ግን የአጥቢዋ ምግብና ልብስ በአባት ላይ መሆኑም አለ። ወንድሞች፣ አራስ ቤት የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም!

አንድ ነገር እንጨምር። ጨቅላ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከጡት እስከ እናቱ ፊት ያለውን ርቀት ማለት ነው። ድምፅን ግን ከማህፀን ጀምሮ ይሰማል። ስለዚህ ቀርባችሁ አናግሩት፣ ቁርኣን ቅሩለት። በስድስት ሳምንት ገደማ ፈገግ ይልላችኋል፤ በሦስትና በአራት ወር መካከል አንገቱን ያጠናል።

የእኛም ልጅ ፈገግ ያለችው በመጀመሪያ ለአያቷ ነው። እሳቸውን አንወቅስም፤ በሚያውቁት ልክ ወደዷት። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ሳንጠይቅ ዝም ያልነው። ዐቂቃውን በ21ኛው ቀን አረድን። ለዚያች ባለሙያ ድርሻዋን ይዘው የሄዱት አያቷ ራሳቸው ናቸው።

ልጅ አማና ነው። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!