ባሕሩ መንገድ የሚሆንባት ከተማ

ከስዊድን መናገሻ ከተማ ከስቶክሆልም ተነሥተን ወደ ሰሜን 900 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ሉሌኦ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ደረስን። ወሩ ጥር ነበር። በዚያ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ታይታ ትጠልቃለች፤ በጥርም ገና ብዙ አልጨመረችም። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ጥቂት አረፍ ብለን ብንነሣ መሽቶ አገኘነው።

ባሕሩ ረግቶ እንደ ሜዳ ሆኗል። ሰው በላዩ ይመላለሳል፤ በረዶው በጸና ጊዜም ወደ ደሴቶቹ የሚወስድ የአውቶሞቢል መንገድ ይከፈትበታል። ይህን ያየ የደጋ ሰው መጀመሪያ እግሩን ማሳረፍ ይፈራል፤ ልጆች እየሮጡ ሲያልፉት ግን አፍሮ ይከተላቸዋል። ደግሞ በዚያ ወገን ምድሪቱ ከባሕር ጥቂት በጥቂት ከፍ ትላለች። በ1621 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጽፈውም ሁሉ እንደዚሁ ነው) የተቈረቈረችው ከተማ ወደቧ ውሃ ስለ ጐደለው በ1649 ዛሬ ወዳለችበት ስፍራ ተዛወረች። በቀድሞው ስፍራ በትልቁ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከ400 የሚበልጡ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች ቆመዋል። ከሩቅ መንደር ለበዓል የሚመጣው ሕዝብ በዚያው ቀን መመለስ ስለማይችል የሚያድርባቸው ነበሩ።

እኛን ወደዚህ ያመጣን ግን የሴቶቹ የበረዶ ሆኪ ነው። ጨዋታውን ላላየ አንባቢ ቢመስሉለት ከገናችን ይቀርባል፤ ዱላው ጫፉ የታጠፈ ነው። በሩር ፈንታ ግን ከላስቲክ የተሠራ ጠፍጣፋ ጥቁር ክብ ይመቱበታል፤ ተጫዋቾቹም ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ከእያንዳንዱ ወገን አምስቱ ይጫወታሉ፤ ስድስተኛዋ ጎሉን ትጠብቃለች። ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ።

በ2006 በቶሪኖ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር የስዊድን ሴቶች አሜሪካኖችን አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ፤ ከዚያ በፊት ከካናዳና ከአሜሪካ በቀር ለዚህ የበቃ አገር አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱ የሴቶች ሊግ ተመሠረተ። የሉሌኦ ቡድን ታሪክ የሚጀምረው ግን በሉሌኦ አይደለም። ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፒቴኦ አጠገብ ሙንክሱንድ በሚባል ስፍራ አንድ የሴቶች ቡድን ነበረ። በ2015 ከሉሌኦ ማኅበር ጋር ተባበረ፤ በማግሥቱ ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ከፊንላንድ የመጣችው የፊንላንድ ቡድን አለቃ ዬኒ ሂሪኮስኪም ከዚያ በኋላ ተጨምራ በ2018፣ በ2019፣ ከ2021 እስከ 2024 ድረስም በየዓመቱ ዋንጫው የሉሌኦ ሆነ። በ2020 ስለ ወረርሽኙ ውድድሩ ሳይፈጸም ቀርቷል። የከተማይቱ ወንዶች በ1996 አንድ ዋንጫ አግኝተው ሁለተኛውን እስከ 2025 ድረስ ጠበቁ፤ ሴቶቹ በዚያ መካከል ሰባት አምጥተዋል። የከተማው ሽማግሌዎች ግን አሁንም ሲያወሩ ከ1996 ይጀምራሉ፤ እኛም ሳቅን።

ወደ አዳራሹ የገባን ለታ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠው ነበር። ከ2022 ወዲህ በሴቶቹ ሊግ በትከሻ መግፋት ስለ ተፈቀደ፣ አንዲት ተጫዋች ከጠርዙ ሰሌዳ ጋር ስትላተም አዳራሹ ይንቀጠቀጣል። ከአጠገባችን የተቀመጠች እናት ዐይኗን ሸፈነች፤ የስምንት ዓመት ያህል ልጇ ግን ቆማ ትጮኻለች። የወደቀችው ተጫዋች የራስ ቁሯን አስተካክላ ተነሥታ ሄደች። እናቲቱም እጇን ከዐይኗ አወረደች።

ስለ ደመወዝ ብንጠይቅ መልሱ አጭር ሆነ። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ቀን ይማራሉ ወይም በሥራ ይውላሉ፤ ወደ ልምምድ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የሉሌኦ ሴቶች ወደ ሊንሾፒንግ ለመጫወት ሲሄዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለባቸው፤ የቀረባቸውን የሥራ ቀን ማን ይከፍላቸዋል? በ2019 ሚያዝያ የስዊድን ሴቶች በዓለም ሻምፒዮና ተሸንፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታችኛው ክፍል ወረዱ። በዚያው ዓመት በነሐሴ 43 ተጫዋቾች ለአገሪቱ ቡድን ልምምድ አንሰበሰብም አሉ፤ የሚጠይቁትም ክፍያና የሚገባ አያያዝ ነበር፤ ለወንድ የተሰፋ ልብስ ይሰጠናል የሚልም ነበረበት። ከተሸነፉ በኋላ ይህን መጠየቃቸው ድፍረት ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን ከሽንፈት በኋላ ምክንያቱን ከመናገር የተሻለ ጊዜ መቼ እንደሆነ አልታየንም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከፌዴሬሽኑ ጋር ስምምነት ሆነ፤ ወደ ቡድኑም ተመለሱ። ዋንጫው በ2025 ወደ ጎተንበርግ፣ ፍሮሉንዳ ወደሚባለው ቡድን ሄደ።

ጨዋታው አልቆ ከአዳራሹ ስንወጣ ከደቡብ የመጡት ተጫዋቾች ዕቃቸውን ወደ አውቶቡሳቸው ይጭኑ ነበር፤ ሌሊቱን ሲጓዙ ያድራሉ። እኛ ወደ ማረፊያችን የተመለስን በወደቡ በኩል በረዶውን ረግጠን ነው። አሁን አልፈራንም። ከመብራቱ ሥር አራት ሴቶች ልጆች ሁለት ጫማ እንደ ጎል ምሰሶ አኑረው ይጫወታሉ። አንዲቱ ጥቁሩን ክብ ወደ እኛ አሳለፈችው፤ በእግራችን መልሰን ልንመታላት ብንል ሚዛናችን ከዳን፤ በጀርባችን ወደቅን።